ከዙሪክ እስከ ናዝሬት፦ ሰይፍ ያልመዘዙት ሰዎች

ጃንዋሪ 21 ቀን 1525 ምሽት፣ በዙሪክ ከተማ ጥቂት ሰዎች በፊሊክስ ማንዝ እናት ቤት ተሰበሰቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት “ዓ.ም.” ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የከተማዋ ምክር ቤት በዚያው ሰሞን ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አውጥቷል፤ ልጅ የወለደ ሁሉ በስምንት ቀን ውስጥ ያስጠምቅ፣ እምቢ ያለ አገር ለቅቆ ይውጣ የሚል። ተሰብሳቢዎቹ የተሐድሶው መሪ የኡልሪክ ዝዊንግሊ ደቀ መዛሙርት የነበሩ ናቸው። አብረውት መጽሐፍ ቅዱስ አጥንተዋል፤ ሕዝቡን ስለ ለውጥ ሲያስተምርም ከጎኑ ቆመዋል። የተለያዩት እርሱ እያንዳንዱን ለውጥ ምክር ቤቱ እስኪፈቅድ ልጠብቅ ሲል፣ እነርሱ ደግሞ የእምነት ነገር በምክር ቤት ድምፅ አይቆረጥም በማለታቸው ነው። ጸሎት አደረሱ። ከጸሎቱ በኋላ ጆርጅ ብላውሮክ የሚባል ቄስ ተነሥቶ ኮንራድ ግሬብልን “አጥምቀኝ” አለው። ግሬብል አጠመቀው፤ ብላውሮክም ሌሎቹን አጠመቀ። ሁሉም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ነበሩ።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና በምትነሣበት አገር ላደገ አንባቢ የነገሩ ክብደት አይሰወረውም። በዚያን ዘመን አውሮፓ ደግሞ ጥምቀት ከቤተ ክርስቲያን አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የተጠመቀ ሕፃን የከተማዋ ዜጋ፣ የገዢው ተገዢ ሆኖ ይቆጠራል። “ሰው ክርስቲያን የሚሆነው ዐውቆና ፈቅዶ ነው” ማለት ስለዚህ መንግሥትንም ቤተ ክርስቲያንንም ከሥር መንቀል ሆኖ ታየ። ባላጋራዎቻቸው “ዳግመኛ አጥማቂዎች”፣ በግሪክኛው አናባፕቲስት አሏቸው። በዚህ ስም የተያዘ ሰው ቅጣቱ ሞት ሆነ።

ማንዝ ራሱ ሁለት ዓመት አልቆየም። ጃንዋሪ 5 ቀን 1527 እጆቹን ከጉልበቱ ጋር አስረው፣ በመሀል እንጨት ሰክተው፣ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው የሊማት ወንዝ ውስጥ ከጀልባ ወረወሩት። እናቱና ወንድሙ ከወንዙ ዳር ቆመው “ጽና” እያሉ ይጮኹለት ነበር። አሰጣሚዎቹ ካቶሊኮች አልነበሩም። ትናንት ከእርሱ ጋር ሮምን የተቃወሙ የተሐድሶ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ሚካኤል ሳትለር የሚባል የቀድሞ መነኩሴ፣ በስዊዘርላንድና በጀርመን ድንበር ላይ ባለችው ሽላይትሃይም ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ሰባት ነጥብ ያለው ስምምነት አወጣ። ክርስቲያን ሰይፍ አይመዝም፤ አይምልም፤ የጠፋውን ወንድም ማኅበሩ በዱላ ሳይሆን በመለየት ይመልሰዋል፤ እረኛውን መንግሥት ሳይሆን ምእመኑ ይመርጠዋል። ሳትለር ሦስት ወር ሳይሞላው በእሳት ተቃጠለ፤ ሚስቱን ማርጋሬታን በውኃ አሰጠሟት። ስምምነቱ ግን ከእነርሱ በኋላ ለወጡት ለአሚሾችና ለሜኖናይቶች ዛሬም ድረስ አከርካሪ ነው።

ሁሉም አናባፕቲስቶች ግን በዚህ መንገድ አልሄዱም። በ1534 አንድ ወገን በሰሜን ጀርመን የሙንስተርን ከተማ ያዘና “አዲሲቱ ኢየሩሳሌም” አላት። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ተፈቀደ፤ የተቃወመ አንገቱ ተቀላ። ከተማዋ በ1535 ተከባ ከወደቀች በኋላ መሪዎቹ ተሰቃይተው ተገደሉና ሬሳቸው በብረት ጎጆ ተደርጎ በቅዱስ ላምበርት ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ተሰቀለ። ጎጆዎቹ እስካሁን እዚያው ናቸው። የውጭው ዓለም ስለ እነዚህ ሰዎች የያዘው የመጀመሪያ ሥዕል ይህ ነው፤ ሰይፍ ነክተው የማያውቁትም ለረጅም ዘመን የሙንስተርን ዕዳ ሲከፍሉ ኖሩ።

የተበተነውን መንጋ የሰበሰቡት በኔዘርላንድ ፍሪዝላንድ የካቶሊክ ቄስ የነበሩት ሜኖ ሲሞንስ ናቸው። በ1536 ክህነታቸውን ትተው ወጡ። በራሳቸው ላይ ዋጋ ተቆርጦ፣ ከቦታ ቦታ እየተሸሸጉ፣ እየጻፉና እያስተማሩ እስከ 1561 ኖሩ። ከጦረኞቹ ተለይተው ሰላምን የመረጡት በእርሳቸው ስም “ሜኖናይት” ተባሉ።

ከሰማዕቶቻቸው ሁሉ ስሙ በልጅም በአዋቂም አፍ የማይጠፋው የዲርክ ቪለምስ ነው። በ1569 በኔዘርላንድ አስፔረን ቤቱን ለጉባኤ በመክፈቱና እንደገና በመጠመቁ ታሰረ። ከእስር ቤቱ አምልጦ ክረምት ባጋገረው ውኃ ላይ ሮጠ። እስረኛ ሆኖ በመክሳቱ በረዶው ቻለው። ጠባቂው ሲከተለው ግን በረዶው ተሰበረና ሰጠመ። ዲርክ የጩኸቱን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ተመለሰ፤ እጁን ዘርግቶም አወጣው። ጠባቂው ሊለቀው ቢፈልግም ሹሙ ከዳር ሆኖ መሐላውን አስታወሰው፤ ያዘው። ሜይ 16 ቀን 1569 ዲርክ በእሳት ተገደለ። በ1660 የታተመው “የሰማዕታት መስተዋት” ይህን ታሪክ ከሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሪኮች ጋር መዝግቦታል። ያን ትልቅ መጽሐፍ በብዙ የአሚሽ ቤት ዛሬም ከመጽሐፍ ቅዱስ አጠገብ ታገኙታላችሁ። አሚሾችን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከፈረስ ጋሪያቸው በፊት ይህን ታሪክ ቢያውቅ እመርጣለሁ፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእርሱ ይቀዳልና።

ስደቱ ጋብ ሲል መከፋፈል መጣ። በ1693 በስዊዘርላንድና በአልዛስ ያኮብ አማን የሚባል ሽማግሌ “ላልተን” ብሎ ተነሣ። የተወገዘ ሰው ከማዕድም ይለይ፣ እግር መታጠብ ይመለስ፣ አለባበስ ልከኛ ይሁን አለ። ሃንስ ራይስት የሚባለው የስዊስ ሽማግሌ እንቢ አለ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የአማን ተከታዮች “አሚሽ” ተባሉ።

በዚያን ጊዜ በአትላንቲክ ማዶ ዊልያም ፔን ለሁሉም እምነት የተከፈተ ቅኝ ግዛት መሥርቶ ነበር። በ1683 ከክሬፌልድ የመጡ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖችና የሜኖናይት ቤተሰቦች በፔንሲልቬንያ ጀርመንታውንን ቆረቆሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከዚያች መንደር አራት ሰዎች የፈረሙበት ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ወጣ፤ በእንግሊዝ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን በመቃወም ከተጻፉት የመጀመሪያው ነው። የስዊስ ሜኖናይቶች በ1710 በዚያው በፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ሰፈሩ። አሚሾች ደግሞ በ1737 “ቻርሚንግ ናንሲ” በምትባል መርከብ በርከት ብለው ደረሱ። በአውሮፓ የቀሩት ቀስ በቀስ ከሜኖናይቶች ጋር ተቀላቅለው፣ በ1937 የመጨረሻዋ የአሚሽ ጉባኤ በጀርመን ኢክስሃይም አበቃች። አሚሽ የሚባል ሕዝብ ዛሬ በአውሮፓ የለም።

አሜሪካ ላይ የቆዩት ሰዎች ፈተና የተለየ ነበር። የሚያሳድዳቸው የለም፤ የሚያባብላቸው ግን በዛ። በ1860ዎቹ ሽማግሌዎች ለዓመታት ተሰብስበው ከዘመኑ ጋር ምን ያህል እንሂድ ብለው ተከራከሩ፤ መስማማት አልቻሉም። አብዛኛው ለለውጥ ክፍት ሆኖ በጊዜ ብዛት ከሜኖናይቶች ጋር ተዋሐደ። ጥቂቱ “የአሮጌው ሥርዓት አሚሽ” ሆኖ ቀረ። ዛሬ አሚሽ ስንል የምናስበው የእነዚህን ጥቂቶች ልጆች ነው። ሜኖናይቶች ግን በብዛት መኪና ይነዳሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ይለብሳሉ፤ በጋሪ የሚሄዱት ከመካከላቸው ጥቂት ወገኖች ብቻ ናቸው። የውጭ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በ1910 ገደማ በላንካስተር ያሉት አሚሾች ስልክ ከቤት እንዲወጣ ወሰኑ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው የኤሌክትሪክ መስመርና መኪናም ተከለከለ። ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ዘመናዊነትን መጥላት አድርጎ ይወስደዋል። እነርሱ አዲስ ዕቃ ሲመጣ የሚጠይቁት ግን “ይህ ነገር ከጎረቤታችን ይለየናል ወይስ ያቀራርበናል?” ብለው ነው። ስልክ በየቤቱ ከገባ ሰው በእግሩ ሄዶ መጠያየቁን ይተዋል። መኪና ያለው ሩቅ ይሠራል፣ ሩቅ ይገበያል፤ ሰንበቱንም ሩቅ ያሳልፋል። ስለዚህ ስልኩን ከእርሻው መንገድ ዳር በትንሽ ዳስ ውስጥ አኖሩት፤ ለሐኪም ለመደወል ያገለግላል፣ ለወሬ አይመችም። በሰው መኪና መሳፈር ይፈቀዳል፤ መኪና መግዛት አይፈቀድም። ወተት የሚያቀዘቅዘው ማሽን በናፍጣ ሞተር ይሠራል። የእያንዳንዱ ጉባኤ ደንብ ከጎረቤቱ ትንሽ ይለያል፤ ደንቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ከቅዱስ ቁርባን በፊት ተነሥቶ ሁሉም እስኪስማማበት ይመከርበታል።

ጉባኤው ከ20 እስከ 40 የሚሆን ቤተሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚባል ሕንፃ የላቸውም። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በተራ በአንዱ ቤት ወይም ጎተራ ይሰበሰባሉ፤ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር በልዩ ጋሪ ከቤት ወደ ቤት ይጓጓዛል። የሚዘምሩበት “አውስቡንድ” የሚባለው መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ በ1530ዎቹ በፓሳው ቤተ መንግሥት የታሰሩ አናባፕቲስቶች የደረሷቸው መዝሙሮች አሉ። ኖታ የለውም፤ ዜማው ከአባት ወደ ልጅ በቃል ይወርዳል፤ አንዱ መዝሙር 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የአንዱ ጎተራ ሲቃጠል ደቦ ይወጣል፤ ወንዱ እንጨቱን ያቆማል፣ ሴቷ ምግቡን ታደርሳለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም አዲሱ ጎተራ ይቆማል። የእሳት መድን የማይገቡት ለዚህ ነው።

አገልጋይ የሚመረጠው በዕጣ ነው። ወንዱም ሴቱም በየተራ ወደ አንድ አገልጋይ ቀርቦ አንድ ስም በሹክሹክታ ይናገራል። በቂ ድምፅ ላገኙት ወንዶች በቁጥራቸው ልክ መዝሙር መጻሕፍት ይደረደሩላቸዋል፤ በአንዱ ውስጥ ጥቅስ የተጻፈበት ወረቀት አለ። እያንዳንዱ አንድ አንድ ያነሣል፤ ጳጳሱ በተራ ይከፍታል። ወረቀቱ የተገኘበት ሰው ያለ ደመወዝ፣ ያለ ትምህርት ቤት ሥልጠና፣ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አገልጋይ ነው። በዚያች ቅጽበት ሚስቱና ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ሸክሙን ያውቁታልና።

ወደ አሜሪካ ሳይሆን በሌላ አቅጣጫ የሄዱት ሜኖናይቶች ደግሞ ወደ ሩሲያ ገብተው ነበር፤ ከ1789 ጀምሮ በዛሬዋ ዩክሬን ሰፍረው በለጸጉ። አብዮቱና የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያወድማቸው፣ በሰሜን አሜሪካ ያሉት ወንድሞቻቸው የተራቡትን ለመመገብ በ1920 የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴን አቋቋሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ መሣሪያ አንይዝም ያሉ 12,000 ገደማ ወጣቶች በአሜሪካ መንግሥት ስምምነት በደን፣ በእርሻና በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ያለ ደመወዝ አገለገሉ፤ ትልቁ ቁጥር የሜኖናይቶች ነበር። ሕዝቡ “ፈሪዎች” ይላቸው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ብዙ ሜኖናይቶች እርዳታ ይዘው ወደ ተጎዱ አገሮች ወጡ፤ ከእነዚያ አገሮች አንዷ ከጣሊያን ወረራ ገና ያገገመችው ኢትዮጵያ ናት።

የመጀመሪያዎቹ የእርዳታ ሠራተኞች በ1945 ደረሱ። በ1946 በናዝሬት ሐኪም ቤት ተከፈተ፤ ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል በሚባል ስም ያደገው፣ የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው። ድሬሰሮች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ተከተለ፤ ተመራቂዎቹ በየአውራጃው ተበትነው ክሊኒክ ከፍተዋል። ሰኔ 9 ቀን 1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ኢትዮጵያውያን ተጠመቁ። ከእነርሱ ያደገችው ጉባኤ ስሟን “መሠረተ ክርስቶስ” አለች። አስተዳደሩ ከሚሲዮናውያኑ እጅ ወደ ኢትዮጵያውያን ቀስ በቀስ ተላለፈ፤ አቶ ሚሊዮን በሊናም በ1973 የዓለም ሜኖናይት ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በእነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ አሚሾች ከመንግሥት ጋር ፍልሚያ ላይ ነበሩ። በ1955 በእነርሱ ላይ የተሠራ ሙዚቃዊ ድራማ በብሮድዌይ ከታየ ወዲህ ቱሪስት ወደ ላንካስተር ይጎርፍ ጀመር፤ የሚመለከታቸው እንጂ የሚሰማቸው ግን አልበዛም። በ1961 ጸደይ በምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬው ቫለንታይን ባይለር ሲያርስ የግብር ሰዎች መጥተው ሦስት ፈረሶቹን ከሞፈሩ ፈትተው ወሰዱ። ጥፋቱ የጡረታ መዋጮ አለመክፈሉ ነበር፤ ሽማግሌዎቻችንን የምንጦረው እኛ ነን፣ ከመንግሥት አንቀበልም፣ አንከፍልምም የሚል አቋም ነበራቸው። ሕዝብ ተቆጣ፤ በ1965 የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ ከመዋጮው ነጻ አደረጋቸው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ባለሥልጣናት በአዮዋ ሃዝልተን አቅራቢያ የአሚሽ ልጆችን በግድ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሊወስዱ አውቶቡስ ይዘው መጡ። አንድ ሰው በጀርመንኛ “ሩጡ” ብሎ ሲጮኽ ልጆቹ ጥቁር ኮፍያና ቦኔታቸውን እንዳደረጉ ወደ በቆሎው እርሻ ተበተኑ። ፎቶግራፉ አገሩን ሁሉ ዞረ። ክርክሩ በዊስኮንሲን ቀጥሎ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 15 ቀን 1972 ፍርድ ቤቱ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ዶላር የተቀጡ ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ እቤት ማስቀረት ይችላሉ ሲል ፈረደ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ግን “ልጆቹስ ተጠይቀዋል ወይ?” የሚል ልዩነት አስመዝግቧል። ለእምነት ነጻነት ፍርዱ ትልቅ ነው፤ የዳግላስ ጥያቄ ግን እስካሁን ተገቢውን መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

በኢትዮጵያ የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ። ሕንፃው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና የባንክ ሒሳቡ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ለፍርድ ሳይቀርቡ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቦታ እየቀያየሩ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹን ጉባኤዎች ያስተናገዱትና የመሩት ሴቶች ናቸው። ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆና ብቅ አለች። በዙሪክ የተጀመረው በሰው ቤት መሰብሰብ ከ450 ዓመት በኋላ በናዝሬትና በአዲስ አበባ እንዲህ ተደገመ።

በ1985 “ዊትነስ” የተባለው የሃሪሰን ፎርድ ፊልም አሚሾችን ለዓለም አሳየ፤ እነርሱ ግን ቀረጻውን ተቃውመዋል። በቀጣዮቹ ዓመታት ስለ ወጣቶቻቸው የሚሠሩ የቴሌቪዥን ትርኢቶች በዙ። ዓለም ወይ እንደ ቅዱሳን ወይ እንደ ሙዚየም ዕቃ ያያቸው ነበር።

ኦክቶበር 2 ቀን 2006 ሰኞ፣ በላንካስተር ኒክል ማይንስ አንድ የወተት መኪና ሾፌር መሣሪያ ይዞ ባለ አንድ ክፍሏ ትምህርት ቤት ገባ። ወንዶቹን አስወጥቶ አሥር ሴት ልጆች ላይ ተኮሰ፤ አምስቱ ሞቱ። ራሱንም ገደለ። በዚያኑ ዕለት ምሽት አሚሾች የገዳዩን ሚስት ፈልገው ሄደው አጽናኗት። በገዳዩ ቀብር ላይ ከተገኙት ሰዎች ከግማሽ በላይ አሚሾች ነበሩ፤ ከተላከላቸው እርዳታም ለገዳዩ ልጆች አካፈሉ። ጋዜጠኞች ይህን ያህል ፈጥኖ ይቅር ማለት ሐሰት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። ወላጆቹ ይቅርታው ሐዘኑን አያጠፋውም፣ በየዕለቱም እንደገና ይቅር እንላለን አሉ። የገዳዩ እናት ደግሞ ከተኩሱ የተረፈችውን፣ አካሏ ሽባ የሆነችውን አንዲት ልጅ በየሳምንቱ እየሄደች ስታጥባትና ስታነብላት ዓመታት ኖራለች። ዲርክ ቪለምስን የማያውቅ ሰው ይህን ተአምር ሊለው ይችላል። እነርሱ ግን በልጅነታቸው የተማሩትን ነው ያደረጉት።

ይህን አድንቄ ስጽፍ የሌላውን ወገን መሸሸግ አልችልም። በቦሊቪያ ማኒቶባ በሚባለው ጥብቅ የሜኖናይት ሠፈር ከ2005 እስከ 2009 ወንዶች በሌሊት የእንስሳት ማደንዘዣ እየነፉ ከመቶ በላይ ሴቶችንና ልጆችን ደፈሩ። ሴቶቹ ሲናገሩ “ሰይጣን ነው፣ ቅዠት ነው” ተባሉ። በ2011 ሰባት ሰዎች 25 ዓመት ተፈረደባቸው። በአሜሪካም በአንዳንድ የአሚሽ ጉባኤ የተደፈረች ልጅ ጥፋተኛው ስለተናዘዘ ይቅር በዪ ተብላ ዝም የምትሰኝበት ታሪክ ተመዝግቧል። ዲርክ ይቅር ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው። ኃይለኛው ከደካማው የሚያዝዘው ይቅርታ ሌላ ነገር ነው፤ ማኅበሩ ይህን ካልለየ የሰማዕታቱን ስም ያረክሳል።

በ2004 የዙሪክ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ማንዝ በሰጠመበት በሊማት ዳር የመታሰቢያ ድንጋይ አኖረች። በ2010 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአናባፕቲስቶች ላይ ለደረሰው ስደት በሽቱትጋርት ይቅርታ ጠየቀ። በሜይ 2025 ከመላው ዓለም የመጡ ሜኖናይቶች 500ኛውን ዓመት በዙሪክ አከበሩ። አሚሾች ዛሬ በሰሜን አሜሪካ 400,000 አካባቢ ናቸው፤ በ20 ዓመት ገደማ ቁጥራቸው እጥፍ ይሆናል። ከዓለም ሜኖናይት ጉባኤ አባል አብያተ ክርስቲያናት በምእመን ብዛት ትልቋ ግን ፔንሲልቬንያ ወይም ስዊዘርላንድ ውስጥ አይደለችም፤ መሠረተ ክርስቶስ ናት።

ከ1974 እስከ 1983 ዓ.ም. ቤታቸውን የከፈቱት እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። የኔዘርላንድ ሰዎች ሰማዕቶቻቸውን በመጽሐፍ ስላኖሯቸው የዲርክ ስም ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ደረሰን። የእኛዎቹ ታሪክ ግን አብዛኛው ገና በቃል ነው ያለው። እናትህ፣ አክስትሽ፣ ጎረቤታችሁ ከእነርሱ አንዷ ከሆነች፣ ሳይመሽ ጠይቋትና ጻፉት።